ፍጥረትን በአምሳያው ስለ ማባዛት

ተማሪዎች ሆይ! በአዲስ አበባ ከመገናኛ ተነሥቶ በየካ በኩል ወደ እንጦጦ ተራራ የሚወጣ ሰው ባሕር ዛፍን በብዛት ያያል። ይህም ዛፍ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከውጭ አገር የመጣ ነው። ሲቈረጥ አይሞትም፤ ከጉቶው አዲስ ቡቃያ ያወጣል። ከዘር የበቀለ ችግኝ የአባትና የእናት ድብልቅ ነው፤ ከጉቶ የወጣው ቡቃያ ግን በተፈጥሮው ያው የተቈረጠው ዛፍ ነው። እንዲህ ያለውን ፍጹም አምሳያ ሊቃውንት «ክሎን» ይሉታል። እንግዲህ ይህ ሥራ በዕፅ፣ በእንስሳና በሰው ላይ ሲሆን የተገባ ነውን? ለየብቻው እንመርምር።

1ኛ፤ ስለ ዕፀዋት። የጉራጌና የሲዳማ ገበሬ የእንሰትን ሥር ቈፍሮ፣ የመካከሉን እምቡጥ አውጥቶ መልሶ ይቀብረዋል፤ ከአንዱም ሥር ብዙ ችግኝ ያገኛል። ይህ ቤተ ሰብን የሚመግብ መልካም ጥበብ ነው። ነገር ግን አምሳያዎች ሁሉ ድካማቸው አንድ ስለ ሆነ፣ አንዱን የጣለ በሽታ ሁሉንም ይጥላል። በአየርላንድ ብዙው ድኻ ሕዝብ አንድ ዓይነት ድንች ብቻ ይተክል ነበር፤ በፈረንጅ አቈጣጠር በ1845 በሽታ ገባበትና በተከታዮቹ ዓመታት አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው በረኃብና ረኃብ ባመጣው ደዌ አለቀ። የእኛ ገበሬ ግን በአንድ ጓሮ ልዩ ልዩ የእንሰት ዓይነት ይተክላል። በ1968 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተመሠረተውና ዛሬ የኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት የሚባለው መሥሪያ ቤትም ልዩ ልዩ ዘርን የሚጠብቀው ለዚሁ ነው። ስለዚህ ዕፅን ማባዛት የተገባ ነው፤ ዓይነቱን ማጥፋት ግን አይገባም።

2ኛ፤ ስለ እንስሳት። በ1988 ዓ.ም. በስኮትላንድ ዶሊ የተባለች በግ ተወለደች። ሊቃውንቱ ከአንዲት በግ ጡት የወሰዱትን ሕዋስ፣ አስኳሉ ከወጣለት ከሌላ በግ እንቍላል ጋራ አዋሐዱት። 277 እንቍላል ቢያዘጋጁ በሕይወት የተገኘችው ግልገል አንዲት ብቻ ናት። ምርጥ ከብትን ለማብዛት ተስፋ ቢኖርም፣ ጽንስ ሲጨነግፍ የምትሠቃየው እናቲቱ ናት። እንስሳ ሊያገለግለን እንጂ በከንቱ ሊሠቃይ አልተሰጠንም፤ ስለዚህ ጥቅሙን ከሥቃዩ ጋራ መመዘን ይገባል።

3ኛ፤ ስለ ሰው። በ1990 ዓ.ም. ዩኔስኮ ሰውን በዚህ መንገድ ማስወለድ ከሰው ክብር ጋራ የማይስማማ ስለ ሆነ እንዳይፈቀድ ዐወጀ። በ1997 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤም በ84 ድምፅ ድጋፍና በ34 ተቃውሞ፣ ከሰው ክብር ጋራ የማይስማማ ክሎኒንግ ሁሉ እንዲከለከል መንግሥታትን ጠየቀ። በበግ ላይ ይህን ያህል የከሸፈው ፈተና በሕፃን ላይ ሊሞከር አይገባምና።

ልጁ የሞተበት አባት «ልጄ ይመለስልኝ» ቢል ኀዘኑ እውነተኛ ነው፤ የሚወለደው ግን ሌላ ልጅ እንጂ የሞተው አይደለም። መልካቸው አንድ የሆነ መንትዮች እንኳ ልባቸው ሁለት ነው። ያም ሕፃን እንደ ማንኛችንም ሙሉ ሰው በሆነ ነበር፤ በደሉ በእርሱ ሳይሆን፣ የሌላውን ስፍራ እንዲሞላ ባስወለደው ላይ ነው። ሰው ለራሱ ይወለዳል እንጂ ለሌላው ምትክ አይሠራም።

ጥያቄ።
1. ከዘር የበቀለና ከጉቶ የወጣ ባሕር ዛፍ በምን ይለያያሉ?
2. አንድ ዓይነት ሰብል ብቻ መትከል ስለ ምን ያሠጋል?
3. በመንደራችሁ ከዘር ሳይሆን ከሥር ወይም ከቅርንጫፍ የሚባዙት ተክሎች የትኞቹ ናቸው?