የዕርዳታ ቀለብና የሙያ ሥልጠና፦ የሥልጠና ቀን እንደ ሥራ ቀን ስለ መቆጠሩ

በድርቅ ምክንያት ጥሪቱ የተሟጠጠበትን ወገን ከሞት ለማዳን እህል ማድረስ ከሁሉ የሚቀድም ተግባር ነው። ይሁን እንጂ እህል የዕለቱን ረኃብ ያስታግሣል እንጂ የተሸጠውን በሬ አይመልስም፤ አዲስ የገቢ ምንጭም አይከፍትም። ስለዚህ ከቀለቡ ጎን ለጎን ሙያ ማስጨበጥና ሥራ ማስገኘት ያስፈልጋል። የዚህ ትምህርት ዓላማ ሥልጠናው ከቀለቡ ጋር እንዴት ሊጣመር እንደሚገባው ለመስክ ሠራተኞች ማስረዳት ነው።

1. የአሠራሩ አመጣጥ

የዕርዳታ ማስተባበሪያ ኮሚሽን በ1966 ዓ.ም. ሲቋቋም አጣዳፊው ጉዳይ በወሎና በሌሎችም አካባቢዎች የተራበውን ሕዝብ ማትረፍ ነበር። በ1970ዎቹ ዓመታት በዓለም የምግብ ፕሮግራም ድጋፍ በተካሄደው የምግብ ለሥራ ፕሮግራም እርከን ለሚሠራና ችግኝ ለሚተክል ሰው በሥራ ቀን 3 ኪሎ ግራም እህልና 120 ግራም ዘይት ይሰጠው ነበር። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የአደጋ መከላከል ፖሊሲም ለሥራ የደረሰና ጤናማ የሆነ ተረጂ ዕርዳታውን ሠርቶ እንዲያገኝ ደነገገ።

በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ይኸንኑ መሠረት ይዞ ለአንድ የቤተሰብ አባል በወር 5 የሥራ ቀን፣ በእህል ሲከፈል ደግሞ 15 ኪሎ ግራም መደበ። በ2007 ዓ.ም. ማብቂያ የጀመረው አራተኛው ምዕራፍ ለተረጂው ሦስት የመቋቋሚያ መንገዶችን አመለከተ። እነርሱም እርሻና ከብት ርባታ፣ ከእርሻ ውጭ የሆነ ገቢ፣ እንዲሁም ተቀጥሮ መሥራት ናቸው።

2. የቀለብና የጊዜ ሒሳብ

ሁለት ልጆች ያሏትንና ብቻዋን የምታሳድግ እናት በምሳሌነት እንውሰድ። ለሦስት ሰው በወር 15 ቀን ሠርታ 45 ኪሎ ግራም እህል ታገኛለች። ሽመና ትማር ዘንድ ብትጠራና ሥልጠናው ከሥራ ቀኖቿ በ10ሩ ላይ ቢውል፣ በመዝገብ ላይ እንደ ቀሪ ከተቆጠረች 30 ኪሎ ግራም ታጣለች። የሚተርፋት 15 ኪሎ ግራም ነው፤ ይህም የአንድ ሰው ቀለብ ነው። ይህች እናት ከሥልጠናው ብትቀር ሰነፍ ልትባል አይገባትም፤ ከልጆቿ አፍ ላለመንጠቅ ስትል ቀርታለችና። እንግዲህ ብዙ ጊዜ «የፍላጎት ማነስ» እየተባለ የሚታለፈው ነገር ከሒሳብ ጉድለት የመጣ ሊሆን ይችላል።

3. የመስክ ሠራተኛው ሊፈጽማቸው የሚገቡ ተግባራት

ሀ/ የሥልጠናው ቀን እንደ ሥራ ቀን ተቆጥሮ በመዝገብ እንዲሰፍር ከቀበሌው ጋር አስቀድሞ መስማማት።

ለ/ ሙያው ከመመረጡ በፊት የአካባቢውን ገበያ ማጥናት። በአንዲት አነስተኛ ከተማ 30 ልብስ ሰፊዎች በአንድ ጊዜ ቢሠለጥኑ እርስ በርስ ገበያ ይሻማሉ እንጂ አንዱም በሙያው አያድርም። ተረጂው ቀድሞ የሚያውቀው ሙያ ካለ ከዚያ መነሣት ይቀላል።

ሐ/ ሥልጠናው ከእርሻና ከአጨዳ ወራት ጋር እንዳይጋጭ ማድረግ፤ ነፍሰ ጡሮችንና የሚያጠቡ እናቶችን ከከባድ ሥራ መጠበቅ፤ ለሕፃናትም ማቆያ ሥፍራ ማዘጋጀት።

መ/ ሙያውን ከመሣሪያና ከመነሻ ገንዘብ ጋር ማገናኘት። በ2009 ዓ.ም. በ11 ከተሞች ሥራውን የጀመረው የከተማ ሴፍቲኔት ተጠቃሚው ከሚከፈለው ገንዘብ 20 በመቶውን እንዲቆጥብ ማድረጉ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። እጀ ሥራ የተማረ ሰው ዕቃ ከሌለው ያገኘው ዕውቀት ሥራ ላይ አይውልም።

ሠ/ የምስክር ወረቀት የተሰጠበትን ዕለት ተረጂው ከቀለብ መዝገብ የሚሰረዝበት ዕለት አለማድረግ። ለማድለብ የተገዛ በግ ለገበያ እስኪደርስ ወራት ይፈጃል። ቀለቡ በመካከል ከተቋረጠ አስቀድሞ የሚሸጠው ይኸው በግ ነው፤ ቤተሰቡም ወደ ነበረበት ይመለሳል። ስለዚህ ስንብቱ ገቢው ከታየ በኋላ ይሁን።

4. ማጠቃለያ

አበው «ሳይርቅ በቅርብ፣ ሳይደርቅ በርጥብ» ይላሉ። ተረጂውን ከእጅ ወደ አፍ ከሆነ ኑሮ ማውጣት የሚቻለው ጥሪቱ ፈጽሞ ሳያልቅ፣ ጉልበቱም ሳይደክም ነው። ሥልጠና ቀለብን የሚተካ ሳይሆን በቀለብ ተደግፎ የሚቆም ነገር መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም።

የመወያያ ጥያቄዎች

1ኛ/ በምትሠሩበት ቀበሌ አንድ የሥልጠና ቀን ተረጂውን ስንት ኪሎ ግራም እህል ያሳጣዋል?

2ኛ/ ባለፈው ዓመት ከሠለጠኑት መካከል ዛሬ በሙያቸው የሚተዳደሩት ስንቶቹ ናቸው? የቀሩትስ ምን ጎድሏቸው ቀሩ?