ስለ መስከረም ገበያ

በኢትዮጵያ አንድ ዓመት በአራት ወቅቶች ይከፈላል። እነዚህም ክረምት፥ መፀው፥ በጋ፥ ፀደይ ይባላሉ። ክረምት ከሰኔ 26 ቀን ጀምሮ እስከ መስከረም 25 ቀን ድረስ ነው፤ መፀውም ከመስከረም 26 ቀን ጀምሮ እስከ ታኅሣሥ 25 ቀን ድረስ ነው። ስለዚህ መስከረም በቍጥር የክረምት ወር ነው፥ በመልኩ ግን ወደ መፀው ያዘነብላል። ዝናሙ እያባራ ይሄዳል፤ ወንዙ ይጐድላል፤ ዐደይ አበባም ሜዳውንና ጋራውን ቢጫ ያለብሰዋል። ብዙ ሰዎች ይህን የአበባ ጊዜ ፀደይ ይሉታል፤ ነገር ግን በቀድሞው አቈጣጠር ፀደይ የሚባለው ከመጋቢት 26 ቀን ጀምሮ ያለው ወቅት ነው።

መስከረም ሁለት ታላላቅ በዓላት አሉት። በ1 ቀን ዘመን መለወጫ፥ በ17 ቀን መስቀል ይከበራል። ስለዚህ ከጳጕሜን ጀምሮ እስከ መስቀል ድረስ ገበያው ከሌላው ጊዜ ይልቅ ይሞላል። በቀድሞ ዘመን ድልድይ ጥቂት ስለ ነበረ፥ ክረምት ሲገባ የሩቅ ነጋዴ በወንዝ ሙላት ይታገድ ነበር። ወንዙ ሲጐድል ግን አጋሰሱን ጭኖ ይነሣ ነበርና፥ ክረምቱን ሙሉ ያልታየ ጨውና ጨርቅ ያን ጊዜ በገበያ ይታይ ነበር። በወሎ ያለው የባቲ ገበያ ሰኞ ሰኞ የሚቆም ነው፤ የደጋው ሰው እኽሉን፥ የቈላው ሰው ግመሉንና ፍየሉን ይዞ በዚያ ይገናኛል።

መስከረም ለዓይን የጥጋብ ወር ይመስላል፥ ለጎተራ ግን የራብ ወር ነው። ጤፍ በሐምሌ ተዘርቶ የሚታጨደው በኅዳርና በታኅሣሥ ነው። በመስከረም ቡቃያው ለምለም ነው እንጂ አይበላም፤ ያለፈው ዓመት እኽል ደግሞ ወደ ማለቁ ተቃርቧል። በክረምት የድኻ ሰው ምግብ ጎመን ነው፤ ክረምቱ ሲወጣ የጎመን ምንቸት ወጥቶ የገንፎ ምንቸት እንዲገባ ሰዎች የሚመኙትም ስለዚህ ነው። እንግዲህ በዚህ ወር ወደ ገበያ የሚወርደውን ሰው ሁለት ነገር ይጐትተዋል። በዓሉ «አውጣ» ይለዋል፤ ጎተራው «ያዝ» ይለዋል።

በዚህ ወር ገበያ መጀመሪያ የሚታየው እሸት ነው። እሸት በቆሎ ከነሐሴ ጀምሮ ይደርሳል፤ የባቄላና የአተር እሸትም ይከተለዋል። ዐዋቂ ገዢ በቆሎውን በመልኩ ብቻ አይገዛም፤ ቅጠሉን ጥቂት ገለጥ አድርጎ አንዱን ፍሬ በጥፍሩ ይጫነዋል። እንደ ወተት ያለ ነጭ ፈሳሽ ቢወጣ ለጋ ነውና ለቅቅል ይሆናል፤ ፍሬው ጠንክሮ ምንም ባይወጣው ግን አልፎበታል። በቆሎ ከተቈረጠበት ሰዓት ጀምሮ ጣፋጭነቱ እየቀነሰ ስለሚሄድ፥ ጠዋት የተቈረጠው በዚያው ቀን ቢበላ ይሻላል። ሻጩም ይህን ያውቃል። ስለዚህ ገበያው ሊፈርስ ሲል ዋጋውን ይቀንሳል፤ ያልተሸጠውን ተሸክሞ ዳገት ከመውጣት በርካሽ መስጠትን ይመርጣልና። ነገር ግን ሻጯ የሩቅ አገር ባልቴት ስትሆን መሽቶባት እስክትጨነቅ ድረስ ጠብቆ በከንቱ ዋጋ መውሰድ ብልኀት አይባልም።

ሁሉም ነገር እንደ እሸት አይደለም። በብዙ አገር ዐዲስ ማር የሚቈረጠው በጥቅምትና በኅዳር ነው፤ በመስከረም ንቦቹ ገና በአበባው ላይ ናቸው። ስለዚህ የመስከረም ማር ብዙውን ጊዜ የቈየ ማር ነው፥ ለጠጅ የሚፈልገውም ስለሚበዛ ዋጋው ይከብዳል። የበርበሬም ለቀማ የሚበዛው ከጥቅምት ወዲህ ነውና፥ አስቀድሞ ያልገዛ ሰው በበዓል ዋዜማ በውድ ይገዛል። ከላሞቹ ግን በመስከረም ሣር ስለ ጠገቡ ወተቱ ይበዛል፥ ቅቤውም ይበዛል፤ ይሁን እንጂ ዋዜማው ራሱ ዋጋ ያስወድዳል። ዶሮም እንዲሁ ነው። ዕንቍላልን የሚጠራጠር ሰው በውኃ ውስጥ ያኖረዋል፤ ዐዲሱ ይሰጥማል፥ የቈየው ይንሳፈፋል፤ በቈየ ቍጥር በውስጡ ያለው አየር ይበዛልና።

ከምግቡ ተራ አልፎ የልብስና የጌጥ ተራ አለ። በዚያ ነጠላ፥ መቀነት፥ አምባር፥ ጕትቻ፥ ጨሌ ተዘርግቶ ይታያል። በጥሩ ነጠላ የታወቁት የጋሞ ደጋ ሰዎች የሆኑት የዶርዜ ሸማኔዎች ናቸው፤ በአዲስ አበባም በእንጦጦ ግርጌ በሽሮ ሜዳ ሥራቸው ይሸጣል። ነጠላ የሚገዛ ሰው ወደ ፀሓይ አንሥቶ ይመለከተዋል፤ ድሩና ማጉ አንዱ ዘንድ ጠብቆ አንዱ ዘንድ ቢሳሳ አይወስደውም። ጥበቡንም በረጠበ ነጭ ጨርቅ ይነካዋል፤ ቀለሙ በጨርቁ ላይ ቢታይ፥ መጀመሪያ በታጠበ ቀን ነጠላው ሁሉ ይዥጐረጐራል።

የብር ጌጥ ነገር ሌላ ነው። በቀድሞ ዘመን አንጥረኞች ጠገራ ብርን እያቀለጡ ድሪና አምባር፥ መስቀልና ጕትቻ ይሠሩ ነበር። ይህ ጠገራ ብር የኦስትሪያ ንግሥት የማርያ ቴሬዛ መልክና 1780 የሚል የአውሮጳ ዓመት የታተመበት ነው፤ ክብደቱም 28 ግራም ያህል ነው። በ1937 ዓ. ም. ዐዲስ የኢትዮጵያ ገንዘብ ሲወጣ እርሱ ከገበያ እየጠፋ ሄደ። በዚያ ዘመን አንዲት ሴት በአንገቷ ያደረገችው ድሪ ጌጥም ገንዘብም ነበረ፤ ክፉ ቀን ቢመጣ በሚዛን ትሸጠዋለች። ዛሬ ግን ብር መስሎ ከሚሸጠው ብዙው ላይ ላዩን የተቀባ ሌላ ማዕድን ነው። ማግኔት ቢስበው ብር አይደለም፤ ባይስበውም ብር ነው ተብሎ አይታመንም፥ ናስንም ማግኔት አይስበውምና። ጨሌማ ብርጭቆ ነው። ለዓይን ደስ ያሰኛል፤ ነገር ግን መልሶ የሚገዛው የለም። ጌጥ መውደድ ነውር አይደለም፤ በዘመን መለወጫ ዕለት ልጃገረዶች አምረው፥ አበባ ይዘው በየቤቱ ሲዞሩ የማይደሰት ሰው ማን ነው?

በአንድ አገር የሚኖር ገበሬ ለበዓሉ ብሎ አንድ በግ ሸጠ። ከገንዘቡ እኩሌታውን ለበዓሉ ወጪ፥ እኩሌታውን ለሽምብራ ዘር ለየ። ሽምብራ ዝናሙ ሲያባራ በጥቁር ዋልካ መሬት ላይ ይዘራል፤ በመሬቱ ውስጥ በቀረው እርጥበትም ያድጋል። መሬቱ ደርቆ ከተሰነጠቀ በኋላ ቢዘሩት ግን አይበቅልም። ስለዚህ ይህ ዘር ቀን የሚጠብቅ አይደለም።

በጳጕሜን ሚስቲቱ ቅቤዋን ይዛ፥ የ12 ዓመት ልጇን አስከትላ ወደ ገበያ ሄደች። በቅቤ ተራ ከተቀመጠች በኋላ ከመቀነቷ ጫፍ ቋጠሮ ፈታችና እንዲህ አለቻት፤ «ልጄ፥ ይህ የዘር ገንዘብ ነው። ወደ እኽል ተራ ሂጂና ሁለት ቍና ሽምብራ ግዢ። ነቀዝ ያልነካው መሆኑን በእጅሽ ዘግነሽ እዪ።» ልጅቱም «እሺ፥ እማዬ» ብላ ሄደች።

ወደ እኽል ተራ የሚወስደው መንገድ በጨሌ ተራ ያልፋል። የመንደሯ ልጆች በዚያ ቆመው ይመርጡ ነበር። ነጋዴው አንዱን ቀይ ጨሌ አነሣና «እንቺ፥ ልጄ፥ አድርጊው፤ ማድረግ አያስከፍልም» አላት። በአንገቷ አሰረላት፥ መስተዋትም ሰጣት። ልጅቱ ራሷን ባየች ጊዜ ፈትታ ልትመልሰው አልቻለችም። «ሁለት ቍና ቀርቶ አንድ ቍናም ዘር ነው» ብላ በልቧ አሰበች፥ ከገንዘቡም እኩሌታውን ከፈለች።

እናቷ ዘሩን በእጇ መዝና አየች፤ ከዚያም የልጅቱን አንገት አየች። በገበያ መካከል አልጮኸችባትም። «ጨሌው ያምራል። አባትሽ ስለ ዘሩ ሲጠይቅ ግን አንቺው ትነግሪዋለሽ» አለቻት። ማታ ልጅቱ እያለቀሰች «አባቴ፥ አንዱን ቍና እኔ ነኝ ያጐደልኹት» አለችው። አባትዋም ብዙ ዝም ካለ በኋላ «ለነጋዴው ብንመልሰው ይቀበለን ነበርን?» ብሎ ሚስቱን ጠየቃት። እርስዋም «የዋለውን ጨሌ ማን ይቀበላል?» አለችው። ዶሮ ሸጦ ዘሩን ሊሞላ አሰበ፤ ያለችው ዶሮ ግን አንዲት ነበረች፥ እርስዋም ዕንቍላል ጣይ ነበረች። ስለዚህ በማሳው እኩሌታ ብቻ ሽምብራ ዘራ።

ልጅቱ በዘመን መለወጫ ቀን ጨሌዋን አድርጋ ከጓደኞቿ ጋር አበባ ይዛ ዞረች። ከመስቀል በኋላ እናትና ልጅ እንደ ገና ወደ ገበያ ወረዱ። ያው ነጋዴ ያንኑ ዓይነት ቀይ ጨሌ ዘርግቶ በእኩሌታ ዋጋ ይሸጥ ነበር፤ በዓሉ ስላለፈ የሚጠይቀው ሰው ጠፍቶ ነበርና። ልጅቱ አየች፤ እናቷም እንዳየች ዐወቀች፤ ነገር ግን ሁለቱም ምንም አልተናገሩም።

ሽምብራው እሸት በሆነ ጊዜ የመንደሩ ልጆች በየማሳቸው ዳር ተቀምጠው እሸቱን እየጠበሱ ይበሉ ነበር። በዚያ ማሳ በአንዱ ወገን ሽምብራው ቆሞ ነበር፤ በሌላው ወገን ግን አረም በቅሎበት ነበር፥ ልጅቱም በዚያ ፍየል ታግድ ነበር። በተወቃ ጊዜ አባቷ ለሚመጣው ዓመት ዘር የሚሆነውን አስቀድሞ ሰፍሮ በጎታ ጨመረ፤ ለወጥ የሚሆነው ከዚያ የተረፈው ነበር።

በሚመጣው ጳጕሜን ለበዓሉ የሚሆነውን ጨው ትገዛ ዘንድ እናቷ ከመቀነቷ ቋጠሮ ፈትታ ሰጠቻት። ልጅቱም ገንዘቡን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ፥ በጨሌ ተራ የሚያልፈውን መንገድ ትታ፥ በከብቶቹ በኩል ዞራ ሄደች።