ገጨ፣ ተገጨ፣ ተጋጨ

ከሴቻ ወደ ሲቀላ የሚወርደውን የአስፋልት መንገድ አስቡ። በቁልቁለቱ ላይ ሙዝ በጫነ አይሱዙና በአንድ ባጃጅ መካከል አደጋ ደረሰ እንበል። ነገሩን በዘገባ ለሚጽፈው ሰው ሦስት ዐረፍተ ነገሮች ይቀርቡለታል።

ሀ. አይሱዙው ባጃጁን ገጨው።
ለ. ባጃጁ ተገጨ።
ሐ. አይሱዙውና ባጃጁ ተጋጩ።

የመጀመሪያው ግሥ አድራጊ ነው፤ ሁለተኛው ተደራጊ ስለ ሆነ ገጪውን ሳይጠራ ያልፋል፤ ሦስተኛው ተደራራጊ ነው። ብዙ ተማሪዎች ማንንም ላለመበደል ሲሉ ሦስተኛውን ይመርጣሉ። ነገር ግን ባጃጁ ዳር ይዞ ቆሞ ከነበረ፣ «ተጋጩ» ማለት የቆመውን የድርጊቱ ተካፋይ ማድረግ ነው። በአንድ ግሥ ምክንያት ንጹሕ ሰው ተጠያቂ ሊሆን ይችላል።

ማን ምን እንዳደረገ ታዲያ በምን ይታወቃል? ዛሬ መሐንዲሶች የግጭቱን ሂደት በኮምፒዩተር መልሰው ይገነባሉ። ለዚህ ሥራ ከዋሉት ቀደምት ፕሮግራሞች አንዱን እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ የሠራው አሜሪካዊው ሬይመንድ ማክሄንሪ ነው። መሐንዲሱ የፍሬኑን ምልክት ርዝመት፣ የተሽከርካሪዎቹን ክብደትና የተጨረማመተውን ብረት ይለካል። ከዚያም የመነሻ ፍጥነት ይገምትና ኮምፒዩተሩ እንቅስቃሴውን በቅጽበት በቅጽበት እየከፋፈለ እንዲያሰላ ያደርጋል። በስሌቱ የቆሙበት ስፍራ በመንገዱ ላይ ከተገኙበት ጋር ካልገጠመ ግምቱን ይለውጣል፤ እስኪገጥምም ይደጋግማል።

ይሁን እንጂ ኮምፒዩተር የዓይን ምስክር አይደለም። አንድ መኪና በደረቅና ሜዳማ አስፋልት ላይ 20 ሜትር የፍሬን ምልክት ትቶ ቢቆም፣ ፍሬን ሲይዝ የነበረው ፍጥነት በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። መንገዱን ዝናብ ካረጠበው ግን ያው 20 ሜትር ወደ 45 ገደማ ሊያወርደው ይችላል። ቁልቁለትም መኪናውን ወደ ታች ስለሚስበው፣ የዚያው ምልክት ፍጥነት በሜዳ ላይ ከሚሰላው ያንሳል። (የሴቻን ዳገት በእግሩ የወጣ ተማሪ ይህን ለመረዳት አይቸገርም።)

እንግዲህ የሚከተሉትን ሁለት ዐረፍተ ነገሮች አነጻጽሩ፦

«አይሱዙው በ60 ይበር ነበር።»
«መንገዱ ደረቅ ከነበረ፣ የአይሱዙው ፍጥነት ከ60 ብዙም አይርቅም።»

በሁለተኛው ውስጥ «ከነበረ» የሚለው ቃል ግምቱ በምን ላይ እንደ ቆመ ያሳያል። በመጀመሪያው ውስጥ ግን ግምቱ እንደ ታየ ነገር ተጽፏል፤ «ይበር» የሚለው ግሥ ደግሞ ከመለካት ይልቅ ወደ መፍረድ ያዘነብላል።

መልመጃ

1. «መታ» እና «ጎዳ» የሚሉትን ግሦች በአድራጊ፣ በተደራጊና በተደራራጊ ጻፉ።

2. ስለ አንድ የመንገድ አደጋ የሰማችሁትን በአሥር መስመር ዘግቡ። የተለካውን፣ ሰው ያየውንና የተገመተውን በየግሣቸው ለዩ፤ «ተጋጩ» ብላችሁ ከጻፋችሁ ሁለቱም ይንቀሳቀሱ እንደ ነበር በምን እንዳወቃችሁ ግለጹ።