ትንፋሽን መቁጠር

ከ1 እስከ 60 ያሉትን ቁጥሮች ባስተማርንበት ሳምንት አንድ አባት ከኋላ ተነሥተው፣ «ልጆቼ፣ እኔ ከብቶቼን ሳልቆጥር፣ ባይኔ ብቻ አይቼ አንዷ ብትጎድል አውቃለሁ። ታዲያ ይሄ ቁጥር ምን ሊሠራልኝ ነው?» አሉን። እኛ ከከተማ የመጣን አስተማሪዎች እርስ በርሳችን ተያየን። መልስ አልነበረንም። ከመካከላችን አንዱ ለማምለጥ ያህል፣ «እስቲ አባቴ፣ በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደሚተነፍሱ ይንገሩን» አላቸው። ሽማግሌው ሳቁና፣ «እሱንስ ማን ቆጥሮት ያውቃል!» አሉ።

ይህ ትምህርት ከዚያ ጥያቄ የመጣ ነው።

አቆጣጠሩ ቀላል ነው። አንድ ጊዜ መሳብና አንድ ጊዜ ማስወጣት ተደምሮ አንድ ትንፋሽ ይባላል። አንዱ ሰዓት ይይዛል፤ ሌላው የጎረቤቱን ሆድ ወይም ደረት እያየ አንድ ደቂቃ እስኪሞላ ይቆጥራል። የራስን ትንፋሽ መቁጠር ያሳስታል፤ ትንፋሽ ሲያስቡት ይለወጣልና። ዕረፍት ላይ ያለ ጤነኛ ዐዋቂ በደቂቃ ከ12 እስከ 20 ጊዜ ይተነፍሳል። በክፍላችንም አብዛኛው ሰው በዚህ መካከል ሆነ። አንዲት እናት ብቻ 31 ወጣባቸው፤ ለካ እንስራ አዝለው ዳገቱን ወጥተው ገና መቀመጣቸው ነበር።

እስቲ እናባዛ። በደቂቃ 15 ብንል በሰዓት 900፣ በቀንና በሌሊት 21,600 ይሆናል። ባንድ ትንፋሽ የሚገባው አየር ግማሽ ሊትር ያህል ነው። እንግዲህ ምንም ሥራ ሳይሠራ የዋለ ሰው እንኳ 10,800 ሊትር አየር ይስባል ማለት ነው። በ20 ሊትር ጀሪካን ቢለካ 540 ጀሪካን ይሞላል። ውሃ ስንቀዳ ምንጩ የጠራ መሆኑን አይተን ነው። 540 ጀሪካን አየር ከየት እንደምንቀዳ ግን ጠይቀን አናውቅም።

አየር መግባት ያለበት በአፍንጫ ነው። በአፍንጫ ውስጥ ያለው ጠጉርና ንፍጥ አቧራውን ይይዛል፤ ብርዱን ያሞቃል፤ ደረቁን ያረጥባል። ጤፍ አበራይታችሁ በዋላችሁበት ማታ ስትናፈጡ የሚወጣውን ጥቁር ነገር አስታውሱ። በአፍ ተንፍሳችሁ ቢሆን ኖሮ ብዙው ወደ ውስጥ ይወርድ ነበር። አውድማ ላይ አፍንጫንና አፍን በነጠላ መሸፈንም ደኅና ልማድ ነው፤ ሌሊት በጋቢ ተከናንቦ መተኛት ግን ከዚህ ይለያል፤ ያኔ የምንስበው መልሰን ያወጣነውን የተቃጠለ አየር ነው።

ከሳንባ በታች ደረትን ከሆድ የሚለይ ስስ ጡንቻ አለ። ስንስብ ወደ ታች ይወርዳል፤ ሳንባም ቦታ አግኝቶ ይሰፋል፤ ሆድ ይነሣል። ተኝቶ የሚተነፍስ ሕፃን ብታዩ ሆዱ ከፍ ዝቅ ሲል ታያላችሁ። ዐዋቂ ሰው ሲጨነቅ ወይም ሲቸኩል ግን በደረቱ ላይኛ ክፍል ብቻ ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል፤ ትከሻው ይነሣል፤ አንገቱ ይደክማል። ይህን ማረም ይቻላል። በጀርባችሁ ተኙ፤ እጃችሁን እምብርታችሁ ላይ አድርጉ። እስከ 4 እየቆጠራችሁ ቀስ ብላችሁ በአፍንጫ ሳቡ፤ እጃችሁ ይነሣል። እስከ 6 እየቆጠራችሁ አስወጡ። እንዲህ ሲሆን በደቂቃ 6 ጊዜ ያህል ትተነፍሳላችሁ። 5 ደቂቃ ብትቆዩበት የልብ ምት ይረጋጋል፤ የደም ግፊትም ጥቂት ይወርዳል። መድኃኒት የታዘዘለት ሰው ግን መድኃኒቱን አይተው። በኃይልና ቶሎ ቶሎ የምትተነፍሱ ከሆነ ደግሞ ራስ ያዞራል፤ ከእኛ አንዱ ለተማሪዎች ሲያሳይ ይህ ደርሶበት ወንበር ይዞ ቆሟል።

አሁን ወደ ጭሱ እንምጣ።

ያረፍንበት ቤት እናት በሳምንት ሁለት ጊዜ እንጀራ ይጋግራሉ። የመጀመሪያው ቀን ልንረዳቸው ገብተን እያለቀስን ወጣን። እሳቸው ሕፃን የልጅ ልጃቸውን እንዳዘሉ ሳቁብንና፣ «እኔስ ለምጄዋለሁ» አሉ። ዓይናቸው እውነትም ለምዷል። ሌሊት ግን ሳላቸውን እንሰማለን። ሳንባ ጭስ አይለምድም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደገመተው በ2020 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ብቻ በቤት ውስጥ ጭስ ምክንያት በዓለም 3.2 ሚሊዮን ሰዎች ሞተዋል። ከእነዚህ ውስጥ ከ237,000 በላይ የሚሆኑት 5 ዓመት ያልሞላቸው ሕፃናት ናቸው።

እኛም ይህን ይዘን፣ «ግድግዳውን ከላይ በኩል ክፈቱት፤ ጭሱ ይውጣ» አልናቸው። እናቲቱ ዝም ብለው ሰሙንና፣ «ጭሱ ከወጣ ሣሩን ምስጥና ተባይ ሲበላው እናንተ መጥታችሁ ትከድኑልኛላችሁ?» ብለው ጠየቁን። ይህን አላሰብንም ነበር። «እንግዲያው ውጪ ይጋገር» አልን። በማግሥቱ ነፋስ እሳቱን በተነው፤ ከዚያ ዝናብ ጨመረበት፤ ሊጡም እንጨቱም ተበላሸ። ለሁለት ቀን ማንም ምክር አልጠየቀንም።

በመጨረሻ የተስማማነው በሚቻለው ነው። እርጥብ እንጨት አይነድም፤ ተፈልጦ ደርቆ ይከማቻል። ጭሱ የሚበዛው እሳቱ ሲቀጣጠል ስለ ሆነ ሕፃኑ ያን ጊዜ ከቤት ይወጣል፤ አክስቱ ትይዘዋለች። ሲጋገር በሩ ይከፈታል። ምጣዱ ደግሞ ከመኝታው ቤት ተለይቶ በጓሮ በተሠራ ዳስ ሥር ሆነ፤ በነፋሱ በኩል ግድግዳ ቆመለት። ትልቁ ቤት ውስጥ ለወጥና ለቡና የሚነደው ጭስ ሣሩን ይጠብቃል ብለው እናቲቱ አቆዩት፤ እኛም አልተከራከርንም። አቅም ያለው ሰው ከሲሚንቶ የሚሠራውን «ምርጥ» የተባለውን ምድጃ ቢገዛ እሳቱ ስለሚታፈን ማገዶው በግማሽ ያህል ይቀንሳል።

ስለ ከሰል አንድ ነገር። ከሰል ጭስ ስለሌለው ሰው ያምነዋል። ከከሰል የሚወጣው መርዝ ግን አይታይም፤ አይሸትም። በብርድ ጊዜ የከሰል ምድጃ አስገብቶ፣ በር ዘግቶ የተኛ ሰው ሳይነቃ ሊሞት ይችላል። ከመተኛት በፊት ምድጃው ውጪ ይደር።

ወደ ቁጥሩ እንመለስ። ሕፃን ከዐዋቂ ይልቅ ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል፤ ይህ በሽታ አይደለም። ነገር ግን ሳል ያለበት ሕፃን ከልክ በላይ ከፈጠነ የሳንባ ምች ሊሆን ይችላል። ልኩም ይህ ነው፦ 2 ወር ላልሞላው 60ና ከዚያ በላይ፤ ከ2 ወር እስከ 1 ዓመት ድረስ 50ና ከዚያ በላይ፤ ከ1 ዓመት እስከ 5 ዓመት 40ና ከዚያ በላይ። የሚቆጠረው ሕፃኑ ሳያለቅስና ሳይጠባ ጸጥ ሲል፣ ልብሱ ተገልጦ፣ ደቂቃው ሙሉ ነው። ሲስብ የጎድኑ ሥር ወደ ውስጥ የሚሰረጉድ ከሆነ ወይም መጥባት ካቃተው ቁጥሩንም አትጠብቁ፤ ወዲያው ውሰዱት።

ይህን ካስተማርን ከ3 ሳምንት በኋላ ሌሊት በራችን ተንኳኳ። ከተማሪዎቻችን አንዷ፣ የ10 ወር ልጇን በጋቢ ጠቅልላ፣ «ሁለቴ ቆጠርኩት፤ 58 ሆነ» አለችን። እኛም በፋኖስ ቆጠርን፤ 57 ሆነ። ባሏ «ብርድ ነው፤ ይነጋ» ይል ነበር። አልተነጋም፤ በቅሎ ተጭኖ በዚያው ሌሊት ወደ ጤና ጣቢያ ሄዱ። በእጇ የያዘችው ከደብተሯ የቀደደችው ወረቀት ነበር፤ 58 በጣም ትልቅ ሆኖ ተጽፎበታል፤ 8ቱ ትንሽ ተንጋዷል። ሐኪሙ የሳንባ ምች ነው ብሎ መድኃኒት ሰጠው። በ5ኛው ቀን ልጁ ጡት ይዞ፣ እናቱም ክፍል ተመልሳ መጣች።

ለሚቀጥለው ትምህርት የቤት ሥራ፦ ዛሬ ማታ በቤታችሁ ካሉት ሰዎች የሦስቱን ትንፋሽ ተኝተው ሳሉ ቁጠሩ። ስም፣ ዕድሜና ቁጥር በየመሥመሩ ጻፉ። ሽማግሌው አባታችን የሚስታቸውን 16 ጽፈው አምጥተዋል፤ የራሳቸውን ደግሞ ሚስታቸው ገና መቁጠር እየተማሩላቸው ነው።