ሕግ ለመማር የሚሹ ወጣቶች ከክፍል ውጭ ስለሚያደርጉት ዝግጅት

በየቁምስናችን «ሕግ ተምሬ ለድሀው ጠበቃ እሆናለሁ» የሚሉ ወጣቶች ጥቂቶች አይደሉም። ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባው የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በመሆኑ፣ ወላጆችም መምህራንም ሐሳባቸውን ሁሉ በእርሱ ላይ ያሳርፋሉ፤ ይህም ተገቢ ነው። ነገር ግን ፈተናው የተማሪውን ዕውቀት እንጂ የሁለት ባላጋራዎችን ቃል በትዕግሥት መስማት መቻሉን አይመዝንም። የሕግ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስፈልገው ግን ይኸው ነው፤ እርሱንም ከክፍል ውጭ መለማመድ ይቻላል።

የመጀመሪያው መለማመጃ በአቅራቢያ የሚገኘው ፍርድ ቤት ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 20 የተከሰሱ ሰዎች ጉዳይ በግልጽ ችሎት እንዲሰማ ይደነግጋል፤ በዝግ ችሎት የሚታየው የተከራካሪዎችን የግል ሕይወት፣ የሕዝብን ሞራልና የሀገርን ደኅንነት ለመጠበቅ ሲባል ብቻ ነው። ስለዚህ ተማሪው ትምህርት በማይኖርበት ቀን ገብቶ ከኋላ መቀመጥ ይችላል። ከሳሽ ምን እንዳለ፣ ተከሳሽ ምን እንደ መለሰ፣ በየትኛው ነገር እንደ ተለያዩ፣ እያንዳንዱም ምን ማስረጃ እንዳቀረበ በማስታወሻው ይጻፍ። አዲስ ተመልካች ብዙውን ጊዜ አስቀድሞ ለተናገረው ያዳላል፤ እኛም አድልተናል። ስለዚህ ከችሎቱ ሲወጣ፣ ፍርዱ ገና ሳይሰጥ፣ ልቡ ላልወደደው ወገን አንድ ገጽ መከራከሪያ እንዲጽፍ እንመክራለን። ይህ ልምምድ ከብዙ የምስክር ወረቀት ይበልጣል ብለን እናምናለን።

ሁለተኛው የሕግ መጻሕፍትን ማንበብ ነው፤ ሁሉን ሳይሆን ጥቂቱን። ለምሳሌ በአካባቢያችን ለጎረቤቱ ዋስ ሆኖ ያልፈረመ ሰው ጥቂት ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ግን በቁጥር 1922 ዋስትና በግምት እንደማይወሰድ፣ ዋሱ የሚጠየቅበት ከፍተኛ የገንዘብ መጠንም በውሉ ካልተገለጸ ዋስትናው እንደማይጸና ይናገራል። ተማሪው ይህን አንብቦ ወላጆቹ የፈረሙትን ወረቀት ቢመረምር፣ ሕግ በቤቱ ውስጥ እንዳለ ይረዳል። የአማርኛውንና የእንግሊዝኛውን ቅጂ ጎን ለጎን ቢያነብ ደግሞ ይበልጥ ይጠቀማል፤ በዩኒቨርሲቲ የሚማረው በእንግሊዝኛ ነውና።

እዚህ ላይ የብፁዕ ካርዲናል ጳውሎስ ጻድዋን ሥራ ሳናነሣ ማለፍ አንችልም። ገና ካህን ሳሉ ፍትሐ ነገሥትን ከግዕዝ ወደ እንግሊዝኛ ተርጉመው፣ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ፋኩልቲ በ1968 እ.ኤ.አ. አሳተመው። ፋኩልቲው ራሱ ከተከፈተ ገና ጥቂት ዓመታት ነበሩ። ግዕዝ የሚያውቁ ወጣቶቻችን ይህ ዕውቀት ለሕግ ጥናት የማይጠቅም ሊመስላቸው አይገባም።

የዕድርን ቃለ ጉባኤ መጻፍና ሽማግሌዎች ጠብ ሲያበርዱ አጠገባቸው መቀመጥም ይረዳል። በዚያ የሰሙት ምስጢር ከዚያ እንዳይወጣ ግን አስቀድሞ ይነገራቸው።

ካቴኪስቶች ደግሞ በሚቀጥለው የወጣቶች ስብሰባ አንድ የድንበር ክርክር ፈጥረው ሁለት ወጣቶችን ያከራክሩ፤ ከሩብ ሰዓት በኋላም ቦታቸውን አለዋውጠው፣ እያንዳንዱ የባላጋራውን ነገር እንደ ራሱ ነገር አድርጎ እንዲናገር ያድርጉ።