ክረምት ሳይገባ የፈረስህን እግር እየው

ልጄ፣ ፈረስና ጋሪ ገዝተህ ቢሾፍቱ ላይ ሥራ ልትጀምር መሆኑን አባትህ ነገረኝ፤ ደስ ብሎኛል። እኔ የምመክርህ ስለ አንዲት ስፍራ ነው፤ ከሰኮናው በላይና ከቁርጭምጭሚቱ በታች ስላለችው ቆዳ። ሰው ፈረስ ሲገዛ ጥርሱን ገልጦ ዕድሜውን ይገምታል፣ ደረቱንና ጀርባውን ያያል። ጎንበስ ብሎ ያችን ስፍራ የሚዳስስ ግን ጥቂት ነው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ብዙ ፈረስ ከሥራ የሚቀረው ደግሞ ከዚያ በሚነሳ ቁስል ነው።

1. ከሁሉ አስቀድመህ ጠላትህ እርጥበት መሆኑን እወቅ። የጭቃ ቁስል የምንለውን ይህን በሽታ ከሚያመጡት ተሕዋስያን ዋናው ደርማቶፊለስ ኮንጎለንሲስ የሚባል ባክቴሪያ ነው። በደረቀ ቅርፊት ውስጥ ለወራት ተደብቆ ይቆያል፤ ውሃ ሲነካው ይነቃል። ጤነኛና ደረቅ ቆዳ ግን በቀላሉ አያስገባውም። የእኛ አገር ዋልካ አፈር ዝናብ ሲጠጣ እግር ላይ ይጣበቃል፣ ቆዳውን ሲያረጥበው ይውላል፣ በውስጡ ያለው ጠጠር ደግሞ ይፍቀዋል። ቆዳው ከራሰና ከተፋቀ ለባክቴሪያው በር ተከፈተለት ማለት ነው። ከዚያ ፈሳሽ ይወጣል፣ ጸጉሩ በቁንጥር በቁንጥር ይጣበቃል፣ ቅርፊት ይሠራል፤ ከቅርፊቱ ሥር ያለው ሥጋ ቀይና እርጥብ ነው። እግሩ ነጭ የሆነ ፈረስ ከጸጉሩ ሥር ያለው ቆዳው ሮዝ ስለሆነ ይበልጥ ይጎዳል። ዳማ ፈረስ ገዝተህ አንድ እግሩ ብቻ ነጭ ከሆነ፣ አስቀድመህ የምታየው ያን እግር ይሁን።

2. ዓይንህን ብቻ አትመን፣ በጣትህ ፈልግ። ማታ ጋሪውን ስትፈታ እግሩን አንሳና አውራ ጣትህን ከሰኮናው ጀርባ በላይ ባለችው ጎድጓዳ ቦታ አሳልፍ። ጤነኛው ቆዳ ለስላሳ ነው፣ ስትጫነው ይታጠፋል። የጀመረው ግን ይሻክራል፤ ከጸጉሩ ሥር ትንንሽ ቅርፊት ጣትህን ይቆረቁርሃል፣ ፈረሱም እግሩን ይነጥቅሃል። በዚህ ደረጃ ካገኘኸው በጥቂት ቀናት ታድነዋለህ። ቆዳው ተሰንጥቆ ደም እስኪታይ ከጠበቅህ ግን ሳምንታት ይወስድብሃል። ፈረሱ በረገጠ ቁጥር ስንጥቁ እንደገና ይከፈታልና።

3. ስታክም አትቸኩል። ብዙ ባለጋሪ ቅርፊቱን ባየ ቁጥር በጥፍሩ ይነቅለዋል። ፈረሱን ያመዋል፣ ይራገጣል፤ ቆዳውም እንደገና ይደማና አዲስ በር ይከፈታል። እንዲህ አድርግ፦ በመጀመሪያ በቁስሉ ዙሪያ ያለውን ጸጉር በመቀስ በጥንቃቄ አሳጥር፤ ጸጉር ውሃ ይይዛል፣ መድኃኒትንም ያግዳል። ማታ ቅርፊቱን ቫዝሊን ቀብተህ አሳድረው። ጠዋት ለብ ባለ ውሃ ስታጥበው የላላው በራሱ ይለቃል፤ ያልላላውን ለነገ ተወው። ከዚያ ክሎርሄክሲዲን ያለበት ማጠቢያ፣ ወይም ቀላል ሻይ እስኪመስል የቀጠነ ፖቪዶን አዮዲን አድርግበትና አሥር ደቂቃ ያህል አቆየው። ሰው የሚያበላሸው እዚህ ላይ ነው፤ ቀባ አድርጎ ወዲያው ያጥበዋል፣ መድኃኒቱም የመሥራት ጊዜ አያገኝም። አሥር ደቂቃው ሲሞላ በንጹሕ ውሃ አለቅልቀው። ሁለቱም ከሌሉህ በአንድ ሊትር ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ ሁለት የሻይ ማንኪያ ጨው ጨምረህ እጠበው።

ቀጥሎ ማድረቅ ነው፤ ከመድኃኒቱ ይልቅ የሚያድነው ይህ ነው። በንጹሕ ጨርቅ ተጫን፣ አትፈትግ፤ ጣቶችህ እርጥበት እስኪያጡ ድረስ። ጨርቁ የዚያ ፈረስ ብቻ ይሁን፤ ከተጠቀምህበት በኋላ አፍላው። የነቀልኸውን ቅርፊትና የቆረጥኸውን ጸጉር ሰብስበህ አቃጥል፤ በጋጣው ውስጥ ከጣልኸው ተሕዋሱን መልሰህ ዘራኸው ማለት ነው። እጅህንም በሳሙና ታጠብ፤ ይህ ባክቴሪያ አልፎ አልፎ ወደ ሰው ይተላለፋል። ቅርፊቱ እስኪያልቅ በየቀኑ እንዲህ አድርግ፤ ካለቀ በኋላ ግን መታጠቡን ቀንስ። ብዙ መታጠብ ራሱ ቆዳ ያረጥባል።

4. የተቃጠለ የመኪና ዘይት፣ ላምባ፣ የባትሪ አሲድ ወደ ቁስል አታስጠጋ። በጋለ ብረት የሚተኩሱም አሉ። አሲድ ቁስሉን ሲያደርቀው የዳነ ይመስላል፤ በእውነቱ ደህናውን ቆዳ ጨምሮ አቃጥሎታል፣ ጠባሳውም ዕድሜ ልኩን ይሰነጠቃል። ያ እንስሳ ሲያመው መናገር አይችልም፤ ይህን የሚያደርግ ጓደኛ ካለህ ዝም አትበለው።

5. እግር ላይ ያለ ቁስል ሁሉ የጭቃ ቁስል አይደለም። ይህን አጥብቀህ ያዝ፤ በአገራችን የጋሪ ፈረስ ላይ ከዚህ በጣም የከፋ በሽታ አለ። ሐኪሞች ኤፒዙቲክ ሊምፋንጃይቲስ ይሉታል። የሚያመጣው ፈንገስ ነው፤ በቁስል በኩል ገብቶ የሊምፍ መስመሮችን ይከተላል። በ2006 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት በተለያዩ የኢትዮጵያ ከተሞች 19,082 የጋሪ ፈረሶች ታይተው ከመቶ 18.8 ያህሉ ታመው ተገኝተዋል። ከአምስት ፈረስ አንዱ ሊባል ትንሽ ነው የቀረው፤ ስለዚህ በጋሪ ማቆሚያው ላይ በየቀኑ ልታገኘው ትችላለህ።

ልዩነቱን ልንገርህ። የጭቃው ቁስል ላይ ላዩን ነው፣ ቅርፊት አለው፣ ከታች ከጭቃው ጋር ይኖራል፣ ሲደርቅም ይሻለዋል። ይህኛው ግን ከቆዳው ሥር ጠጣር እብጠት ሆኖ ይጀምራል፤ እብጠቶቹ አንዱ ከሌላው ተከታትለው በእግሩ ሽቅብ ይሰለፋሉ። ይፈነዳሉ፣ ወፍራም መግል ያወጣሉ፣ የዳኑ መስለው ይዘጋሉ፣ እንደገና ይከፈታሉ። ድርቅ ብታደርገውም አይተወውም። ዝንብ፣ የጋራ ብሩሽና የጋራ የጋሪ ዕቃ ከፈረስ ወደ ፈረስ ያዛምቱታል። እንዲህ ያለ ነገር ካየህ ፈረስህን ከሌሎች ለይና በዚያው ሳምንት ሐኪም ዘንድ ውሰደው፤ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ እዚያው ከተማህ ውስጥ ነው። በመጀመሪያዎቹ ወራት ከተያዘ አዮዲን ባላቸው መድኃኒቶች ሊሻለው ይችላል። ከተስፋፋ በኋላ ግን የሚመለሰው ጥቂት ነው።

6. ሐኪም ሳትጠራ አትደር የምልህ ጊዜ ይህ ነው፦ እግሩ በአንድ ሌሊት ካበጠና ከጋለ፣ ክፉኛ ካነከሰ፣ መብላት ከተወ፣ ወይም ሙቀቱ ከ38.5 ዲግሪ ከበለጠ። ኢንፌክሽኑ ከቆዳው አልፎ ወደ ውስጥ ገብቷል፤ መርፌ ያስፈልገዋል። መርፌውን ግን ከገበያ ገዝተህ ራስህ አትውጋ። የቴታነስ ክትባትንም ጠይቅ፤ ፈረስ ከብዙ እንስሳት ይልቅ ለቴታነስ ይጋለጣል። ዝናብ በሌለበት በበጋ፣ ነጭ ነጩ እግሩ ብቻ ከቆሰለ ደግሞ ጉበቱ ተነክቶ ቆዳው ፀሐይ መቋቋም አቅቶት ይሆናል፤ ለሐኪሙ ይህን ንገረው።

7. መከላከሉ ርካሽ ነው፣ ግን በየቀኑ ነው። ማታ ጭቃውን በባልዲ ውሃ የሚያጥብ ሰው ለፈረሱ ያሰበ ይመስለዋል፤ እግሩን እርጥብ አድርጎ በብርድ ሌሊት ያሳድረዋል። ጭቃው ይድረቅ፤ ሲደርቅ ለስለስ ባለ ብሩሽ አራግፈው። የግድ ካጠብኸው አድርቀው። የሚያድርበት ጋጣ ከአካባቢው ከፍ ያለ ወለል ይኑረው፤ ዙሪያውን ቦይ ቆፍር፣ በየማታው ደረቅ የጤፍ ገለባ ጎዝጉዝለት፣ ሽንቱ የነካውን ጠዋት አውጣ። ሽንትና ፋንድያ ላይ የቆመ እግር በበጋም ይበላሻል። ቫዝሊን ከሥራ በፊት መቀባት ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ንጹሕና ደረቅ ቆዳ ላይ ብቻ። እርጥብ እግር ላይ ብትቀባው እርጥበቱን ከነተሕዋሱ ቆልፈህበታል።

የምታስርበትንም ገመድ እይ። የናይለን ገመድ ያችኑ ስፍራ ቆርጦ ይገባል፤ ብዙ ቁስል ከጭቃ በፊት በገመድ ተጀምሯል። እግሩን ከማሰር በራስ ማሰሪያው በኩል እሰረው። እግሩን ማሰር ግድ ከሆነብህ ሰፊ ቆዳ በጨርቅ ጠቅልለህ ተጠቀም፣ በየቀኑም ቦታውን ቀይር።

8. ፈረስህ ቁስል እያለበት በጭቃ አታሠራው። የቀን ገቢህ እንደሚያስፈልግህ አውቃለሁ፤ የቤት ኪራይም መኖውም ከዚያው ነው። ግን ስንጥቅ ያለበት እግር ጭቃ ውስጥ ሲገባ የተከታተልኸው ሕክምና ሁሉ ከንቱ ይሆናል። ሰኔ ሳይገባ ጥቂት ጥቂት ቆጥብና ለእረፍቱ ቀን አስቀምጥ። ቅርፊቱ አልቆ፣ ቆዳው ተዘግቶ፣ ስትጫነው እግሩን ሳይነጥቅህ ሲቀር ወደ ሥራ መልሰው። የመጀመሪያውን ሳምንት በአስፋልትና በድንጋይ መንገድ፣ በቀላል ጭነት አሠራው፤ ማታ ማታም ያችን ስፍራ መዳሰስህን አትተው።