ትምህርት ሰባት፦ ባለቤትና ማሰሪያ አንቀጽ በትረካ ድርሰት

ሀ. መግቢያ

የአማርኛ ግሥ በመጨረሻው ቅጥያ ድርጊቱን ማን እንደ ፈጸመ ያመለክታል። «ወጣሁ» ያለ ስለ ራሱ ብቻ፣ «ወጣን» ያለ ስለ ራሱና ስለ ባልንጀሮቹ፣ «ወጡ» ያለ ስለ ሌሎች ይመሰክራል። ስለዚህ ተራኪ ማሰሪያ አንቀጹን ሲመርጥ የሰዋስውን ሕግ ብቻ ሳይሆን እውነቱንም መጠበቅ አለበት። ይህን እያሰባችሁ የሚከተለውን ምንባብ በጥሞና አንብቡ።

ለ. ምንባብ፦ የእንጦጦ ዳገት

ቅዳሜ ማለዳ እኔና ሁለት ባልንጀሮቼ ከኮልፌ ቀራንዮ በብስክሌት ተነሣን። አውቶቡስ ተራን፣ ፒያሳንና ስድስት ኪሎን አልፈን ሽሮ ሜዳ ደረስን። እስከዚያ ድረስ ጨዋታችን አልተቋረጠም ነበር፤ ዳገቱ ሲጀምር ግን ሁላችንም ዝም አልን።

የእኔና የታላቁ ጓደኛችን ብስክሌቶች ባለ ማርሽ ነበሩ። የታናሹ ግን የኪራይ ስለ ነበረ ማርሽ አልነበረውም። ወደ ባሕር ዛፉ ጫካ ስንገባ የካቴናው ድምፅ ከኋላዬ ይሰማኝ ነበር፤ ትንሽ ቆይቶ ጠፋ። ዘወር ብዬ ሳይ፣ ወርዶ ብስክሌቱን ይገፋል። እንጨት ተሸክመው ቁልቁል የሚወርዱ አንዲት እናት «አይዞህ ልጄ» ብለውት አለፉ። እኛ ግን አልቆምንም።

እንጦጦ ማርያም ስንደርስ ታላቁ «ወጣን!» ብሎ ጮኸ።

«ማን ወጣ?» ብዬ ጠየቅሁት። መልስ አልሰጠኝም። ብስክሌቱን አዙሮ ቁልቁል ወረደ፤ እኔም ተከተልሁት። ታናሹ ዘንድ ደርሰን፣ ከኮርቻችን ወርደን፣ ሦስታችንም እየገፋን ጎን ለጎን ተራመድን። ሁለተኛ ጊዜ እንጦጦ ማርያም ስንደርስ የተናገረው ታናሹ ነበር። ላቡን ጠርጎ፣ «ወጣን» አለ።

ሐ. ማብራሪያ

«ደርሰን»፣ «ወርደን» የሚሉት ቃላት ቦዝ አንቀጾች ናቸው። ቦዝ አንቀጽ ብቻውን ዓረፍተ ነገሩን አይዘጋም፤ ሐሳቡ የሚያርፈው «ተራመድን» በሚለው ማሰሪያ አንቀጽ ላይ ነው። የመጀመሪያው «ወጣን» በሰዋስው በኩል እንከን የለበትም። ይሁን እንጂ ከሦስቱ አንዱ ገና ዳገቱ ላይ ነበርና ቃሉ ከእውነቱ ሰፋ።

መ. ለተጨማሪ ዕውቀት

የእንጦጦ አናት ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ይበልጣል። በዚህ ከፍታ አየሩ ስለሚሳሳ ብስክሌተኛ ቶሎ ትንፋሽ ያጥረዋል።

ኢትዮጵያ በኦሊምፒክ ጨዋታ ለመጀመሪያ ጊዜ በተካፈለችበት፣ በ1949 ዓ.ም. በሜልቦርን በተደረገው ውድድር፣ ገረመው ደንቦባና ሌሎች ኢትዮጵያውያን ብስክሌተኞች ተሰልፈው ነበር። በዚያ የጎዳና ውድድር የቡድን ውጤት የተወሰነው የሦስት ብስክሌተኞች ደረጃ ተደምሮ ነው። ሦስተኛው ሰው ሳይደርስ ቡድኑ ደረሰ አይባልም ነበር።

ሠ. መልመጃ

1. በምንባቡ ውስጥ የተነገሩትን የሁለቱን «ወጣን» ባለቤቶች ለይታችሁ ጻፉ።

2. ምንባቡን በታናሹ አንደበት እንደ ገና ተርኩ። ባለቤታቸው የተለወጠባቸውን ማሰሪያ አንቀጾች አስምሩባቸው።

3. ከጓደኞቻችሁ ጋር ያደረጋችሁትን አንድ አድካሚ ጉዞ በ15 መስመር ጻፉ። ከዚያም «እኛ» ባላችሁበት ቦታ ሁሉ፣ በእርግጥ ሁላችሁም እንደ ነበራችሁ መርምራችሁ አርሙ።